በልጄ መኪና ላይ የጨመርኩት ባሌስትራ

የመሣሪያ ሳጥኔን ኮሎምበስ አጠገብ ካለው የግሮቭ ሲቲ ጋራዥ ያወጣሁት በተከራየሁት ተጎታች ነው። በዚህ አገር መካኒክ መሣሪያውን ራሱ ገዝቶ ይገባል፤ ሲወጣም ይዞት ይወጣል። የመሰናበቻ ኬክ ቆረጡልኝ። ኬኩን ከበሉት የጋራዡ ልጆች አብዛኞቹ ሙሉ ስሜን አያውቁትም፤ አበራ ማለት ስለከበዳቸው «ኤብ» ነበር የሚሉኝ። አለቃዬ ብራያን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንግዲህ ዓሣ ታጠምዳለህ» አለኝ። ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ሲሠራ ምን እንደምወድ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም እሱን ጠይቄው ስለማላውቅ መቀየም የለብኝም ብዬ ነበር። ግን ተቀይሜያለሁ።

ለሰው የምናገረው ትከሻዬ እምቢ ስላለኝ ጡረታ ወጣሁ እያልኩ ነው። ትከሻዬ እውነትም ያመኛል። ነገር ግን የወጣሁት ሥራው ከእጄ ስለወጣ ነው። ኤሌክትሪክ ቫኖች መጡ፤ ብልሽቱን ኮምፒውተር ይናገራል፤ የተጎዳው ተነቅሎ ይጣላል፤ አዲስ ይገጠማል። አንድ ቀን የተኛ ባሌስትራ መልሼ ላጎብጥ መዶሻ ሳነሣ ብራያን አየኝና «ኤብ፣ እዚህ አንጠግንም፣ እንቀይራለን» አለኝ። መዶሻውን አስቀመጥኩ። መቀየርማ ማንም ይቀይራል።

የእኔ ሥራ የመኪና እግር ነው። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ አሞርዛተር፤ መኪናውን ተሸክሞ ከመንገዱ ጋር የሚያስታርቀው ነገር ሁሉ። የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። አፋር ውስጥ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች አድረው በሚነሡባት በሎግያ፣ ጋሽ ይርጋ የሚባሉ የባሌስትራ ሠራተኛ ጋራዥ ነው። ጋራዥ ስል ግድግዳ ነበረው ማለቴ አይደለም፤ አራት የብረት ቋሚና ከላያቸው የተወጠረ ሸራ ነው። ከቀትር በኋላ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። ቁልፎቹን በርሜል ውኃ ውስጥ እየነከርን ነበር የምንሠራው።

ጋሽ ይርጋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። መኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚያዩት መኪናውን አይደለም። ሾፌሩን ጥላ ውስጥ ያስቀምጡትና ውኃ ይሰጡታል፤ ከዚያ «ምን ትጭናለህ?» ይሉታል።

«ኧረ ጋሽ ይርጋ፣ ባሌስትራው ነው የተሰበረው» ይላል ሾፌሩ።

«እሱን አይቼዋለሁ። ምን ትጭናለህ?»

ጨው፣ ሲሚንቶ፣ ፍየል፣ ሰው። ሰው ከሆነም ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ሳይሰሙ ቁልፍ አያነሡም ነበር።

ከዚያ የባሌስትራውን ቅጠሎች፣ ተደራርበው የሚታሰሩትን የብረት ዝርጎች፣ አንድ በአንድ ፈትተው ያጥባሉ። ላምባ ይቀቧቸዋል፤ በጨርቅ ይወለውሏቸዋል፤ በላዩ ጠመኔ ይፈገፍጉባቸውና ትተዋቸው ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ። ሲመለሱ በነጩ ጠመኔ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ከወጣ፣ ላምባው ከስንጥቅ ውስጥ ተመልሶ ወጥቷል ማለት ነው። ያ ቅጠል አይገባም። ሾፌሩ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ዘመድ ቢጠራ አይገባም።

ትልቁ ሕጋቸው ግን መጨረሻ ላይ ነበር። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ የባሌስትራውን ቡሎን አጥብቆ መጨረስ በእሳቸው ጋራዥ ነውር ነው። ቡሎኑ የሚያልፍበት፣ ቦኮላ የሚባለው የላስቲክ ቀለበት ተንጠልጥሎ ከታሰረ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ይጠመዘዛል፤ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ሳይቆይ ይቀደዳል። ስለዚህ መኪናውን ያወርዳሉ፤ የሚጭነውን ያስጭናሉ፤ የሚሳፈሩትን ያሳፍራሉ፤ ሰዎቹ ከላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እሳቸው ከሥር ተኝተው ያጠብቃሉ። «በሚኖርበት ቁመት እሰረው» ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ተንጠልጥሎ ሳለ አጠበቅኩ። አልተቆጡም። ሁሉንም አስፈትተው እንደገና ከመጀመሪያው አሠሩኝ። የሚሳደብ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ሙከራ የሚሄዱት ጋቢና ገብተው አይደለም። የጭነቱ ሳጥን ላይ ይቆማሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሾፌሩ ይነዳል። መኪናውን በጉልበታቸው ነበር የሚሰሙት።

አንድ ቀን የአንድ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ መጣ። ኋላው ተሸፍኖ አልጋ የተገጠመለት ፒክአፕ ነው። ሾፌሩ ጨዋታ የሚወድ ወጣት ነበር።

«ጋሽ ይርጋ፣ በግራም በቀኝም ቅጠል ይጨምሩልኝ» አላቸው።

«ምን ትጭናለህ?»

«በሽተኛ ነዋ! አምቡላንስ ሌላ ምን ይጭናል?»

«ሌላስ?»

ሾፌሩ ሳቀ። «አልፎ አልፎ ከሰል።»

«ከሰሉን ተው» አሉትና ባሌስትራውን ፈቱ። ሊጨምሩ ነው ብዬ ቅጠል ሳቀርብ፣ ከነበረው ላይ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ቀነሱ። ሾፌሩ ጮኸ። «ሰው ያስጨምራል እንጂ ያስቀንሳል እንዴ? ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?»

«ምጥ የያዛትን ሴት ስትጭን እሷ ምን እንደምትል ስማት» አሉት።

እኔ በልቤ ከሾፌሩ ጋር ነበርኩ። ሽማግሌው ግትር ሆነው ታዩኝ። በእኛ አገር ፒክአፕ የገዛ ሰው ገና ሳይነዳው ባሌስትራ ያስጨምራል። ባዶውን የሚሄድ መኪና የለማ! ባለቤቱ ባይጭንበት መንገደኛ ይሳፈርበታል፤ መንገደኛ ባይኖር የጎረቤት ማዳበሪያ አለ። ስለዚህ ጥሩ ሥራ ማለት ጠንካራ ሥራ ማለት ነው የሚለውን ይዤ አደግኩ። ከጋሽ ይርጋ የቀረውን ሁሉ ስወስድ ያን ቀን የሠሩትን ሳልወስድ ቀረሁ።

ዲቪ ደርሶኝ ከባለቤቴ ከሰናይትና ገና ሕፃን ከነበረው ከልጃችን ከናታን ጋር ኮሎምበስ ስገባ መጀመሪያ የሠራሁት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማንሣት ነው። ስለ ደመወዙ የምለው ብዙ የለኝም፤ ኪራይ ይከፍል ነበር። ከዚያ ጎማ ቤት ገባሁ። የመካኒክነቱን ፈተና ወድቄ ወድቄ አለፍኩ። እንግሊዝኛውን ያስተማረኝ የለም፤ ከመኪና መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን እያየሁ ቃሉን ገመትኩ። በኋላ ግሮቭ ሲቲ፣ ዕቃ ለየቤቱ የሚያደርሱ ቫኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ተቀጠርኩና እስከ ጡረታዬ እዚያው ቆየሁ።

የጋሽ ይርጋን ማረፍ የሰማሁት እዚያ ቫን ሥር ተኝቼ ነው። የደወለልኝን ሰው «እሺ፣ እግዜር ያጽናችሁ» አልኩትና ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጬ የያዝኩትን ቡሎን ጨረስኩ። እጄን ታጥቤ ወደሚቀጥለው ቫን ሄድኩ። እዚህ አገር ለሐዘን ጊዜ አይሰጡም እያልኩ ብዙ ጊዜ አማርሬያለሁ። ፈቃድ ግን አልጠየቅኩም ነበር።

እነዚያ ቫኖች ከልካቸው በላይ ነበር የሚጫኑት። ባሌስትራቸው በየጊዜው ይሰበራል፤ ፋብሪካው የሠራውን ዓይነት መልሰን እንገጥማለን፤ ደግሞ ይሰበራል። ብራያንን «ጠንከር ያለ ይግባላቸው» ብዬ ስነዘንዘው ከረምኩ። በመጨረሻ ሳይወድ ፈቀደልኝ። ስብራቱ ቀነሰ። በጥንካሬ ነገር መቼም አልሳሳትም ብዬ የደመደምኩት ያኔ ነው። በሎግያም በግሮቭ ሲቲም ሸክም ነበር፤ ሸክም ባለበት ደግሞ የእኔ መልስ ትክክል ነበር። ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ሲጠየቅ ኖሮ ሁሉን የመለሰ ይመስለዋል።

ልጄንም በዚሁ መንገድ ነው ያሳደግኩት፤ አልዋሽም። ዓለም ይጫንሃል፣ ጠንክር እያልኩ። ሲወድቅ «ተነሣ» ነው ያልኩት፤ «አመመህ?» ማለት የእናቱ ሥራ ነበር። ናታን አሁን ሙሉ ሰው ነው። ዋይትሆል በሚባል ሰፈር አፓርትመንት ተከራይቶ ይኖራል፤ ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ምን እንደሆነ ደጋግሞ አስረድቶኛል። በአማርኛ አናግረዋለሁ፣ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። አማርኛው የሚወጣው ሲናደድ ወይም ሲፈራ ነው። እዚህ አብዛኛውን ቃሉን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው የምጽፈው።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ያገለገለ ፒክአፕ ገዝቶ መጣ። ማርከስ ከሚባል ጓደኛው ጋር ዩታ ድረስ ሄደው በረሃ ሊነዱበት ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ዳድ፣ እግሩን ትሠራልኛለህ?» አለኝ።

ለሌላ አባት ይህ ተራ ጥያቄ ነው። ለእኔ ግን ልጄ ከእጄ ሥራ አንድ ነገር ሲፈልግ የመጀመሪያው ነበር። እሱ የሚሠራው አይገባኝም፤ የምወደውን አይወድም፤ የበዓል ምሳ ላይ ተቀምጠን ስለ አየሩ ነው የምናወራው። ይህ ሥራ ካማረ ከልጄ ጋር የሚያገናኘን አንድ ድልድይ ይኖረናል ብዬ አሰብኩ። ካልሆነ ሌላ እንደማይመጣም ገባኝ።

የሚያስፈልገውን ዕቃ በኢንተርኔት አዝዞ ነበር፤ ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ደረደርነው። የፊቱ ሞላና አሞርዛተር ጥሩ ነው፤ እንዳዘዘው ገጠምኩለት። የኋላ አሞርዛተሮቹም ረጃጅም፣ ዘይታቸው እንዳይግል ተጨማሪ ማጠራቀሚያ በጎናቸው የተሸከሙ ናቸው። በመጨረሻ ረጅሙን ካርቶን ከፈትኩት። ባሌስትራ ነው። ቅጠሎቹ ረጃጅም፣ ቀጫጭን፣ እንደ መጋዝ የሚለመጡ።

«ይህ ምንድነው?» አልኩት።

«ለበረሃ የተሠራ ነው ዳድ። ሶፍት ነው፣ ለስላሳ።»

«ሽቦ ነው። መልሰው።»

ካርቶኑን ዘግቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ከተጣሉ መኪኖች ግቢ የአንድ ትልቅ ፒክአፕ ወፋፍራም ቅጠሎች መርጬ አመጣሁ። አጠብኳቸው፤ ላምባና ጠመኔ ቀባኋቸው፤ ስንጥቅ እንደሌለባቸው አየሁ። በልካቸው ቆረጥኳቸው፤ ትከሻዬ እያቃጠለኝ በመዶሻ አጎበጥኳቸው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚይዙትን ቅስት ቡሎኖች አዲስ ገዛሁ፤ አንዴ ተስቦ የታሰረ ቅስት ቡሎን ሁለተኛ አይታመንም። ዛሬም ቢሆን በዚያ ሥራ ላይ የእጄን ነውር አታገኙበትም።

መኪናው ሲወርድ ለበረዶ ጊዜ የሚበተነውን ጨው በጆንያ ገዝቼ ሳጥኑ ላይ እስኪሞላ ደረደርኩ። ጨው መሆኑ ራሱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሎግያን መሰለኝ። ናታንና ማርከስ ቆመው ያዩኛል።

«ይህ ሁሉ ጨው ለምንድነው?» አለ ናታን።

«በሚኖርበት ቁመት ነው የሚታሰረው። ጭነቱን ማወቅ አለበት።»

«እኛ እኮ የምንይዘው ድንኳን፣ ውኃና ሁለት ሰው ነው።»

«ዛሬ ነው እንደዚያ። ነገ ቤት ስትቀይር? የሰው ዕቃ ስታግዝ?»

«ዳድ፣ ለበረሃ ነው የምፈልገው።»

«በረሃን ለእኔ ልታስተምረኝ ነው?»

ማርከስ ቋንቋው ባይገባውም ድምፄ ገብቶታል መሰለኝ፣ ወደ ውጭ ወጣ። ናታን «ኦኬ ዳድ» አለ። በዚህ ልጅ አፍ ኦኬ ማለት እሺ ማለት አይደለም። ልከራከርህ አልፈልግም ማለት ነው። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን እሺ እንዳለኝ ቆጥሬ ከሥር ገብቼ አጠበቅኩ።

ከነጨው ጆንያው አውራ ጎዳና ላይ ነዳነው። እንደ ሶፋ ሄደ። ጨውን አውርጄ ባዶውን አልሞከርኩትም። ሳጥኑ ላይም አልቆምኩም።

ከዩታ የደወለልኝ ምሳ እየበላን ነው። «አባዬ» አለኝ፤ ዳድ አላለኝም። «አባዬ፣ መኪናው ተሰበረ።»

አማርኛውን ስሰማ ፈርቷል ማለት እንደሆነ አውቄያለሁ። ከአፌ የወጣው ግን «ጭነት ነበረበት?» የሚለው ነው።

ሰናይት ከጎኔ ነበረች። ስልኩን ነጠቀችኝ። «ልጄ፣ አንተ ደህና ነህ? ማርከስስ?» አለችው። እያዳመጠች ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም።

የሆነውን በኋላ አስረዳኝ። የዚያ አገር የበረሃ መንገድ ነፋስና ጎማ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያሸበሸቡት ደረቅ አፈር ነው። እኛ በአፋር ድንጋይ ላይ ጭነን ቀስ ብለን ነበር የምንሄደው፤ እነሱ ቀለል ብለው በፍጥነት ነው የሚያልፉበት። መኪናው በደንብ ከተሠራ ጎማዎቹ ከሥር እየተርገበገቡ ይሄዳሉ፤ ላዩ ዝም ይላል። በእኔ ባሌስትራ ላይ ጎማው ወዴት ይርገብገብ? እያንዳንዷ ሽብሽብ ሳትቀነስ ሻንሲው ላይ ታርፋለች። አዲሶቹ አሞርዛተሮች የተለኩት ለዚያ ለስላሳ ባሌስትራ ስለነበር የእኔን ግፊት ሊይዙት አልቻሉም። ባዶው ኋላ እየዘለለ ይወርዳል። በመጨረሻ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ብረት ተቀደደ፤ ሻንሲውም ተሰነጠቀ፤ መኪናው ተሽከርክሮ ከአፈር ቁልል ጋር ተጋጨ። የማርከስ የትከሻ አጥንት ተሰበረ። ናታን ግንባሩ ላይ ተሰፋ። የእኔ ባሌስትራ ግን አልተሰበረም። አንዲት ቅጠል አልተሰነጠቀችም።

ሻንሲውን ለጊዜው የበየደላቸው የአንዲት ትንሽ ከተማ በያጅ ከሥር ገብቶ አየና «ይህን የሠራው ሰው ጡብ ነው እንዴ የሚያመላልሰው?» ብሎ ጠየቃቸው። ናታን ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም። ቢስቅብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ወሬው ሐበሾች ወደሚበዙበት ወደ ሞርስ ሮድ ደረሰ። ሰው የሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ገብቼ ቁጭ ከማለቴ ሰይፉ የሚባል የታክሲ ሹፌር ከወዲያኛው ጠረጴዛ ጮኸብኝ።

«ጋሽ አበራ! የልጁን መኪና አጠንክረህ አጠንክረህ ለሁለት ከፈልካት አሉ!»

«ጥፋቱ የልጁ ነው» አለ ሌላው፤ «በረሃ ሲሄድ ሲሚንቶ መጫን ነበረበት።»

«የእኔንማ አትንካብኝ ጋሼ፤ ታክሲ ናት፣ ሰው ነው የምጭነው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰይፉ ክፉ ሰው አይደለም። ሆኖም «ሰው ነው የምጭነው» ሲል የሎግያው አምቡላንስ ፊቴ ድቅን አለ። ጋሽ ይርጋ ቅጠሉን መዘው መሬት ላይ ሲያስቀምጡት፣ እኔ በልቤ ስስቅባቸው። ባለ መኪናውን ሁሉ «ምን ትጭናለህ?» እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ ልጄን አልጠየቅኩትም። ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ ድንኳን፣ ውኃ፣ ሁለት ሰው አለኝ። የእሱን ሸክም ከእሱ በላይ አውቃለሁ ብዬ ጨው ደረደርኩበት።

ማርከስን ከሰናይት ጋር ሄደን ጠየቅነው። ሰናይት ምግብ ሠርታ ይዛለች። የማርከስ እናት እንግዳ ሆነንባት የት እንደምታስቀምጠን ጠፋት፤ በዚህ አገር እንዲህ አይጠየቅም መሰለኝ። ልጁ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ «ኢትስ ኦኬ፣ ሚስተር አበራ» አለኝ። ይቅርታ ልለው የተዘጋጀሁበት የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ ጠፋኝ። የልጁ ደግነት ከሰይፉ ቀልድ ይልቅ ከበደኝ።

ናታን ለብዙ ጊዜ አልመጣም። ለእናቱ ይደውላል፤ እኔን «ሃይ በይልኝ» ይላታል። ሻንሲውን አንድ ትልቅ ጋራዥ አስጠገነው። በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን እየነዳ ቤታችን መጣ። እኔን ፈልጎ ነው ብዬ ልቀበለው ወጣሁ። የፈለገው ክሪኩንና ቦታውን ነው።

የለስላሳው ባሌስትራ ካርቶን ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነበር። መልስ ብዬው አልመለሰውም፤ እኔም አልጣልኩትም። አወረደውና ከፈተው። ስልኩን ጎማ ላይ አቁሞ ቪዲዮ እያየ የእኔን ባሌስትራ ፈታ። ሲሚንቶው ወለል ላይ ሲወድቅ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሰናይት ከውስጥ «ምንድነው እሱ?» አለች።

«ልያዝልህ?» አልኩት።

«አይ ጋት ኢት» አለ። ይዤዋለሁ፣ ተው ማለቱ ነው።

በእጁ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ቅጠሎቹ ላይ ላምባ አልቀባም፤ አዲስ ናቸው፣ አያስፈልጋቸውም። አንድ ጊዜ ሊሳሳት ነው ብዬ ወደፊት ተራመድኩ፤ አልተሳሳተም። ቅስት ቡሎኖቹን አዲስ ገዝቶ ነው የመጣው። ያን ከቪዲዮ ይሁን ከእኔ ያግኘው አላውቅም፤ ብጠይቀው ከቪዲዮ ነው እንዳይለኝ ፈራሁ።

«አባዬ» አለኝ ሳይዞር፣ በአማርኛ። «አንተ ሁልጊዜ ጭነት እንዳለ አድርገህ ነው የምትሠራው።»

«ኖሮብኝ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

መኪናውን ወደ መሬት አወረደ። ቡሎኖቹን ገና አላጠበቃቸውም። ድንኳኑን ሳጥኑ ላይ አደረገ፤ የውኃ ጀሪካኖቹን ከቧንቧ ሞልቶ ጫነ፤ ትርፍ ጎማውን ጫነ። ወደ ኋላ ሄዶ ቁመቱን ተመለከተ፤ ተመልሶ በሩን ከፈተ።

«ና ግባ» አለኝ።

«የት?»

«የማርከስ ወንበር ላይ። እሱ ክንዱ ገና ነው፤ ክብደታችሁ ግን ይቀራረባል።»

በመሪው በኩል ያለው ወንበር ላይ በራሱ ክብደት ልክ ሌሎች ጀሪካኖች ደረደረ። እኔ ገባሁ። ስቀመጥ መኪናው ከሥሬ ለስለስ ብሎ ዝቅ አለና ቆመ። የባሌስትራ ሰው ነኝና በጉልበቴ ሰማሁት። ልክ ነበር። እኔ ብሠራው ኖሮ እንዲህ አይቆምም ነበር።

ናታን ቁልፉን ይዞ ከሥር ገባ። እኔ በክንዴ ነበር የማጠብቀው፤ የእሱ ቁልፍ ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚል ነው።

«አትንቀሳቀስ» አለኝ ከታች።

አልተንቀሳቀስኩም። በመስታወቱ የተደራረቡትን የእኔን ቅጠሎች አያለሁ፤ ግድግዳው ሥር፣ ካርቶኑ ተደግፎበት በነበረው ቦታ። አፌ ውስጥ ሲዞር የቆየውን ያኔ አወጣሁት።

«ናታን፣ ምን ትጭናለህ?»

«ድንኳን» አለ። «ውኃ። እኔና ማርከስ።»

«እሺ» አልኩት።

ቁልፉ ቀጭ አለ። ወደ ሌላው ጎን ተንፏቀቀ፤ እዚያም ቀጭ አለ። ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሩን ከፈተልኝ።

«ጨርሻለሁ አባዬ። አሁን መውረድ ትችላለህ።»